ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር እንደ ሠራ፥ የድኾችንም ጩኸት እንደ ሰማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

አባቶቻችን ካህናት፥ የተወደዳችሁም ምእመናን፤ የቤተ ክርስቲያን በዓለ ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ጊዜ የሠሩትን ማመስገን፥ የተሠራውንም መቍጠር ልማድ ነው፤ መልካምም ልማድ ነው። ነገር ግን ሕንጻው እንዴት እንደ ቆመ የሚነግረን ታሪክ ብዙ ሲሆን፥ ሕንጻው በሚሠራበት ጊዜ ድኻው እንዴት እንደ ኖረ፥ ሠሪውም ዘወር ባለ ጊዜ ሥራው ምን እንደ ደረሰበት የሚነግረን ታሪክ ጥቂት ነው። የነህምያ ታሪክ ሦስቱንም ይነግረናልና ለዚህ በዓል የሚገባ መስሎኝ ጻፍሁት።

አስቀድመን ዘመኑን እንመልከት። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር በ586 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ኢየሩሳሌምን ያዘ፤ ቤተ መቅደሱን አቃጠለ፥ ቅጥሩን አፈረሰ፥ ሕዝቡንም ማረከ። ከዚያ በኋላ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ በ539 ባቢሎንን ያዘና በ538 ምርኮኞቹ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ፈቀደ። የተመለሱትም በብዙ ድካም ቤተ መቅደሱን ሠርተው በንጉሡ በዳርዮስ በ6ኛው ዓመት፥ ማለት በ515፥ ፈጸሙት። ቅጥሩ ግን እንደ ፈረሰ ቀረ። በዚያ ዘመን ቅጥር የሌላት ከተማ በር እንደ ሌለው ቤት ናት፤ ሌባም ወንበዴም እንደ ወደደ ይገባባታል። በአርጤክስስ ዘመን አይሁድ ቅጥሩን መሥራት ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ጠላቶቻቸው ይህች ከተማ ከታጠረች ግብር አትገብርም ብለው ለንጉሡ ጻፉ፤ ንጉሡም ሥራው እንዲቆም አዘዘ፥ በኃይልም አስቆሟቸው። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ወደ ፊት ያስፈልገናልና።

ነህምያ በዚያ ጊዜ በፋርስ ነገሥታት ከተማ በሱሳ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበረ። ይህ ሹመት እንደ ተራ አገልግሎት አይቈጠርም፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ንጉሥ ከማያምነው ሰው እጅ ጽዋ አይቀበልምና የንጉሡ ነፍስ በአሳላፊው እጅ ናት። እንግዲህ ነህምያ የጐደለበት ነገር አልነበረም፤ ከንጉሥ ማዕድ አጠገብ ይቆማል፥ የፈረሰችውም ከተማ ከእርሱ እጅግ ሩቅ ናት። በንጉሡ በ20ኛው ዓመት በካሴሉ ወር ወንድሙ አናኒ ከይሁዳ ሰዎች ጋር መጣ። ነህምያ በጠየቃቸው ጊዜ የቀሩት ሰዎች በመከራና በስድብ እንዳሉ፥ ቅጥሩም እንደ ፈረሰ ነገሩት። ይህን ሰምቶ ተቀመጠና አለቀሰ፤ ጾመ፥ ጸለየም። በጸሎቱም ውስጥ አባቶቻችን በደሉ ብሎ አላበቃም፤ እኔም የአባቴም ቤት በድለናል አለ እንጂ። የመሪነት መጀመሪያ ይህ ነው፤ የሕዝቡን ኃጢአት የሌላ ሰው ኃጢአት አድርጎ የሚቈጥር ሰው ሕዝቡን ሊሸከም አይችልምና።

ከካሴሉ እስከ ኒሳን ድረስ 4 ወር ያህል በጸሎት ቈየ። ከዚያም በ445 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በኒሳን ወር ለንጉሡ ወይን ሲያቀርብ ንጉሡ ፊቱ ማዘኑን አይቶ ጠየቀው። ነህምያም እጅግ ፈራ። ስለ ምን ፈራ ቢሉ፥ በንጉሥ ፊት አዝኖ መታየት ያስቀጣል፤ ይልቁንም የሚለምነው ልመና ይህ ንጉሥ ራሱ አስቀድሞ ያዘዘውን ትእዛዝ የሚያስለውጥ ነበርና። ስለዚህ በንጉሡ ጥያቄና በእርሱ መልስ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ያ ጸሎት ከአንድ እስትንፋስ የሚበልጥ አይደለም፤ ነገር ግን የ4 ወር ጸሎት በስተኋላው ነበረ። ልመናውም የተሰናዳ ልመና ነበር፤ መቼ እንደሚመለስ ቀን ቈረጠ፥ ለወንዝ ማዶ ገዦች የሚሰጥ ደብዳቤ፥ ለንጉሡም ዱር ጠባቂ ለአሳፍ ስለ እንጨት የሚጻፍ ደብዳቤ ለመነ። የጸለየ ሰው ማሰብን አልተወም፤ ያሰበም ሰው መጸለይን አልተወም።

ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ 3 ቀን ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያም በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ተነሥቶ በሸለቆው በር ወጣ፤ የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠለውን በር ሁሉ በዓይኑ ተመለከተ፤ በአንድ ስፍራም ፍርስራሹ ከመብዛቱ የተነሣ ተቀምጦባት የነበረችው እንስሳ ማለፊያ አጣች። ለሹማምንቱም ለካህናቱም ገና ምንም አልነገረም ነበር። አይቶ ከጨረሰ በኋላ ግን ሰብስቦ ነገራቸው፤ እነርሱም እንሥራ ብለው እጃቸውን አበረቱ። ሳያዩ የሚናገሩ መሪዎች ብዙዎች ናቸው፤ ነህምያ ግን አስቀድሞ አየ፥ በኋላም ተናገረ።

ሥራውን ያካፈለበት መንገድ ሊታወቅ የሚገባው ነው። መጽሐፉ የሠሩትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይቈጥራል። መጀመሪያ የተነሡት ሊቀ ካህናቱ ኤልያሴብና ወንድሞቹ ካህናት ናቸው፤ የበጎችን በር ሠሩ። ከእነርሱ ቀጥሎ ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች፥ ነጋዴዎችም ሠሩ፤ የኢየሩሳሌም እኩሌታ አለቃ ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። የጉድፉን መጣያ በር የሠራው መልክያ የቤት ሐካሪም ግዛት አለቃ ነበር፤ አለቃ ሲሆን የጉድፍ በር ለእኔ አይገባም አላለም። ብዙዎቹም እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ፊት ለፊት ሠሩ፤ ሰው የራሱን ደጅ የሚጠብቀውን ቅጥር አቃልሎ አይሠራምና። ደግሞ የቴቁሐ ሕዝብ ሁለት ክፍል ሲሠሩ ታላላቆቻቸው አንገታቸውን ለሥራ እንዳላጐነበሱ ተጽፎአል። የታናናሾቹ ድካም ተመዘገበ፥ የታላላቆቹም ስንፍና ተመዘገበ።

ጠላቶችም ተነሡ፤ ሰንባላጥ፥ አሞናዊው ጦብያ፥ ዓረባዊውም ጌሳም። እነዚህ ሰዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የሚታወቁ አይደሉም። በላይኛው ግብፅ በዓባይ ወንዝ ደሴት በየብ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ በ407 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የጻፉት ደብዳቤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተገኝቶ ታትሟል፤ በእርሱም የሰማርያ ገዥ የሰንባላጥ ልጆች ደላያና ሰሌምያ በስማቸው ተጠርተዋል። ደግሞ በግብፅ ምሥራቅ በተገኘ የብር ጽዋ ላይ የቄዳር ንጉሥ የጌሳም ልጅ ቃይኑ የሚል ጽሕፈት አለበት፤ ብዙ ሊቃውንትም ይህ ጌሳም ያ ጌሳም ነው ይላሉ። እንግዲህ ነህምያ የተጋጠመው ከመንደር ተሳዳቢዎች ጋር ሳይሆን ከዘመኑ ኃያላን ጋር ነበረ። እነርሱም በመጀመሪያ ቀበሮ ቢወጣበት የሚፈርስ ቅጥር ነው ብለው ዘበቱ፤ ቀጥለውም ሊወጉ ተማከሩ። ነህምያ ግን ጸለየ፥ ዘበኛም አቆመ፤ እኩሌቶቹ ሲሠሩ እኩሌቶቹ ጦር ይዘው ቆሙ።

ነገር ግን ከውጭ ካለው ጠላት ይልቅ ሥራውን ሊያፈርስ የቀረበው ከውስጥ ያለው ነገር ነበር። ድኾችና ሚስቶቻቸው በወንድሞቻቸው በአይሁድ ላይ ታላቅ ጩኸት ጮኹ። አንዳንዱ ከራብ የተነሣ እርሻውንና ወይኑን ቤቱንም በመያዣ ሰጥቶ እህል ወሰደ፤ አንዳንዱ ለንጉሥ ግብር ገንዘብ ተበደረ፤ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውንም ለባርነት ሰጡ፤ እርሻውም በባለጠጎች እጅ ስለ ሆነ ሊቤዡአቸው አልቻሉም። ባለጠጎቹም ቀን ቀን ከድኾቹ ጋር በአንድ ቅጥር ላይ ድንጋይ የሚያቀብሉ ነበሩ። በአንድ እጅ የእግዚአብሔርን ከተማ ይሠራሉ፥ በሁለተኛው እጅ የወንድማቸውን ልጅ ባሪያ ያደርጋሉ።

ነህምያ ጠላት በደጅ ሳለ ይህን ነገር ቅጥሩ ካለቀ በኋላ እናየዋለን ሊል ይችል ነበር። ባለጠጎቹን ማስቀየም ለሥራው አደገኛ ነበርና፥ ሰው ሁሉ ምክንያቱን በተቀበለለት ነበር። እርሱ ግን አላቈየውም። ተቈጣ፤ ነገር ግን በቍጣው ወዲያው አልተናገረም፥ አስቀድሞ በልቡ አሰበ። ከዚያም ታላላቆቹንና ሹማምንቱን ወቀሰ፥ ታላቅ ጉባኤም ሰበሰበባቸው። በጉባኤውም ራሱን ንጹሕ አላደረገም፤ እርሱና ወንድሞቹ ብላቴኖቹም ገንዘብና እህል አበድረው እንደ ነበር ገልጦ፥ ይህን አራጣ እንተወው ብሎ ከራሱ ጀመረ። እርሻውን፥ ወይኑን፥ ወይራውን፥ ቤቱን፥ የወሰዱትንም ከመቶ አንድ እጅ እንዲመልሱ አዘዘ። እነርሱም እሺ ባሉ ጊዜ በቃላቸው ብቻ አላመናቸውም፤ ካህናትን ጠርቶ አስማላቸው።

በቅኔ ቤት እንደምንለው፥ የነህምያ ታሪክ ሰሙ ቅጥር ነው፥ ወርቁ ግን ሕዝብ ነው። ሰሙን ብቻ የያዘ ሰው ነህምያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ማኖር የሚያውቅ ሰው ነበር ይላል። ወርቁን የፈለገ ግን፥ በውስጡ ወንድም ወንድሙን የሚሸጥበት ቅጥር የእግዚአብሔር ከተማ ቅጥር ሊሆን እንደማይችል ያስተውላል።

ባለጠጎቹ ስለ ምን ታዘዙት ቢሉ፥ ሕይወቱ ቃሉን ይመሰክርለት ነበርና። ከንጉሡ ከ20ኛው ዓመት እስከ 32ኛው ዓመት ድረስ 12 ዓመት አገረ ገዥ ሆኖ የገዥነትን ቀለብ አልበላም። ከእርሱ አስቀድመው የነበሩት ገዦች ከሕዝቡ እንጀራና ወይን፥ 40 ሰቅልም ብር ይወስዱ ነበር። እርሱ ግን 150 አይሁድ በማዕዱ ሲቀመጡ፥ በየቀኑም 1 በሬና 6 የሰቡ በጎች ሲታረዱ፥ የሚገባውን ቀለብ ከሕዝቡ አልጠየቀም፤ እርሻም አልገዛም። ሌላውን መልስ የሚል ሰው አስቀድሞ የራሱ እጅ ባዶ ይሁን።

ቅጥሩም በኤሉል ወር በ25ኛው ቀን በ52 ቀን ተፈጸመ። 140 ዓመት ያህል ፈርሶ የቈየው በ52 ቀን ቆመ። ከዚያም በ7ኛው ወር መጀመሪያ ቀን ሕዝቡ ሁሉ በውኃው በር አደባባይ ተሰበሰቡ፤ ጸሐፊው ዕዝራ ከማለዳ እስከ ቀትር የሕጉን መጽሐፍ አነበበ፥ ሌዋውያንም ለሕዝቡ ያስተውል ዘንድ ተረጐሙለት። በጉባኤ ቤታችን ንባብ ያለ ትርጓሜ የማይበቃ መሆኑ ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ሕዝቡ ሕጉን ሰምቶ ባለቀሰ ጊዜ፥ ቀኑ የተቀደሰ ነውና አታልቅሱ፥ ብሉ ጠጡም፥ ላልተዘጋጀለትም እድል ፈንታውን ላኩለት ተባለ። ከበዓሉ ማዕድ ድኻው እንዳይቀር ያን ጊዜም ታዝዞአል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር፤ ግን አላበቃም። ነህምያ በ433 ወደ ንጉሡ ሄደ። ተመልሶ በመጣ ጊዜ፥ ያ ቅጥሩን የዘበተበት ጦብያ በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ የዕቃ ቤት ተሰጥቶት አገኘ፤ የሰጠውም ካህኑ ኤልያሴብ ነበር። ሌዋውያንና መዘምራን እድል ፈንታቸው ስላልተሰጣቸው አገልግሎቱን ትተው ወደ እርሻቸው ተበትነው ነበር፤ በሰንበትም ገበያ ቆሞ ነበር። ቅጥሩ አልፈረሰም፤ በውስጡ ያለው ግን ፈርሶ ነበር። ነህምያ የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ ጣለ፥ ቤቱንም አነጻ፤ በግምጃ ቤቱ ላይ አንድ ካህን፥ አንድ ጸሐፊ፥ አንድ ሌዋዊ፥ አንድም ረዳት ሾመ፤ የመረጣቸውም የታመኑ ስለ ነበሩ ነው። በዚያ ጊዜ በቍጣው ሰው እስከ መምታትና ጠጕር እስከ መንጨት ደረሰ። እኛ ግን ቅንዓቱን እንማር እንጂ ጠጕር መንጨቱን አንማር፤ የጠራን ጌታ የዋህና ትሑት ነውና።

እንግዲህ አባቶቼና ወንድሞቼ፤ ኢዮቤልዩ በኦሪት በ50ኛው ዓመት የሚከበር በዓል ነበር፤ ክብሩም መለከት መንፋት ብቻ አልነበረም። የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል፥ የተሸጠውም ወንድም ነጻ ይወጣል። ነህምያ ስለ ኢዮቤልዩ አልተናገረም፤ ሥራውን ግን ሠራ። እኛም በዓሉን ስናከብር ስሙን ብቻ ይዘን ሥራውን እንዳንተው። ከመካከላችን ከድኻ ጎረቤቱ አራጣ የሚቀበል ካለ ስለ በዓሉ ይተውለት። የርስት ወይም የገንዘብ ክርክር ያላቸው ወንድማማቾች በካህናት ፊት ይታረቁ። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ከአንድ ሰው በሚበልጥ በታመነ እጅ ይጠበቅ፥ ሒሳቡም በሕዝቡ ፊት ይነገር። የሚቀድሱና የሚያስተምሩ አገልጋዮች ስለ ዕለት እንጀራ ሲሉ መቅደሱን ትተው እንዳይበተኑ ምእመናን ያስቡላቸው፤ ካህናትም ጦብያን ስለ ዝምድና ወይም ስለ ገንዘብ በቤተ መቅደስ አያስገቡት።

ይህን ካደረግን ከእኛ በኋላ የሚመጡ ልጆቻችን በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ የሚቈጥሩት ድንጋይና ቆርቆሮ ብቻ አይሆንም፤ የተፈታ ባለ ዕዳና የታረቀ ወንድም ይቈጥራሉ። ነህምያ ለሥራው ዋጋ የለመነው አምላኩ በመልካም እንዲያስበው ብቻ ነበር። እኛንም፥ ይህችን ደብር የሠሩትንም፥ በውስጧ ያረፉትንም፥ ከእኛም በኋላ የሚያገለግሉባትን ሁሉ እግዚአብሔር በመልካም ያስበን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ አሜን።