ገዥው ከፍሏል፦ የዘፈን ቅጂ ንግድ በአርብ ገበያና የኦበርሆልዘር-ጊ እና ስትረምፍ መደምደሚያ

ሕገወጥ ቅጂ የሙዚቃ ሽያጭን ይጎዳል አይጎዳም በሚለው ላይ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጥናት ጉዳቱን ይቀበላል፤ ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም። የምከራከረው ኢኮኖሚስቶቹ ፊሊክስ ኦበርሆልዘር-ጊ እና ኮልማን ስትረምፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ካሳተሙት ጥናት ጋር ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ለ17 ሳምንታት ከኢንተርኔት የወረዱ ዘፈኖችን ከ680 አልበሞች የአሜሪካ ሽያጭ ጋር አነጻጸሩ። ዘፈን የሚያጋሩ የጀርመን ተማሪዎች ዕረፍት ሲወጡ አሜሪካ ውስጥ የሚወርደው ዘፈን መጠን ስለሚለወጥ፣ ይህንኑ መለኪያ አደረጉት። በሽያጩ ላይ ያገኙት ተጽዕኖ ከዜሮ የሚለይ አልሆነላቸውም። ኢኮኖሚስቱ ስታን ሊቦዊትዝ በስሌቱ ላይ ያነሣውን ትችት እዚህ አልደግመውም። ችግሩ ከስሌቱ ይቀድማል፦ ዘፈኑን የሚያወርደው ራሱ አድማጩ ነው፣ ለማንም አይከፍልም ብለው ተነሥተዋል።

በታች ጋይንቷ አርብ ገበያና በመሰሎቿ የገጠር ከተሞች አድማጩ አያወርድም። ገበያ የወጣው ገበሬ፣ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰው ወጣት፣ የስልኩን ሚሞሪ ካርድ ለሱቁ ሰጥቶ «ዘፈን ጫንልኝ» ይላል፤ ይከፍላልም። «አቅም የሌለው ሰው ቀድሞውንም አይገዛም ነበር» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ሰውየው ገዝቷልና። ብሩ ግን ከሱቁ አላለፈም። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ሙዚቃውን ያቀናበረው አላዩትም። በካሴት ዘመን፣ ሕገወጥ ቅጂ ያኔም ቢኖር፣ ከትክክለኛው ካሴት ዋጋ ከፊሉ በአከፋፋዩ በኩል ለአሳታሚው ይደርስ ነበር።

ኢኮኖሚስቶቹ የሳቱትን ልዩነት ሕጋችን አልሳተውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 9 ግለሰብ ለግል መጠቀሚያው አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ቅጂ የሚሸጥ ሱቅ በዚህ አይጠለልም። የኢኮኖሚ ትንተናውም ከዚሁ አንቀጽ መነሣት ነበረበት።

እያንዳንዱ የተጫነ ዘፈን የጠፋ የአልበም ሽያጭ ነው አልልም። ሆኖም የክፍያው ማነስ ክፍያ መሆኑን አያስቀርም። ዘፋኙ በኮንሰርት ይካሳል የሚሉም አሉ፤ ጁሊ ሞርቲመርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአሜሪካ ያሳዩት ይህንኑ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ የግጥምና የዜማ ደራሲ መድረክ ላይ አይወጣም።

አዋጁ ሲወጣ አንቀጽ 36 ሆን ብሎ መብት የሚጥስን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣ ነበር። ባለሱቁን ማሰርና ሱቁን መዝጋት ግን ለደራሲው ሳንቲም አያስገባም። ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ የባለመብቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ሮያሊቲ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል። ሚሞሪ የሚጭነው ሱቅም ከእነዚሁ ማኅበራት ፈቃድ አውጥቶ ከሚቀበለው ብር ድርሻቸውን ይክፈል።