ዜና ሆቴል ዘእቴጌ ጣይቱ

በ1879 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። በ1888፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ እግዚአብሔር ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ በዓድዋ ድልን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የመስኮብ መልእክተኛ፣ ነጋዴውም፣ አዳኙም፣ ሥራ ፈላጊውም ወደ ከተማይቱ ይጎርፍ ጀመር። ድል የሆነው የኢጣልያ ሰው እንኳ ሳይውል ሳያድር በመልእክተኛ ስም ተመለሰ።

በዚያ ዘመን የእንግዳ ሥርዓት ይህ ነበር። ለመጣው ሰው ድንኳን ይተከልለታል፤ ከግቢም ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉ፣ ማሩ፣ ለአሽከሮቹ ቀለብ፣ ለበቅሎዎቹም ገብስ። እንግዳ ጥቂት ሳለ ይህ ለንጉሥ ክብር ነው፤ ሲበዛ ግን ጎተራ ያራቁታል። ፈረንጅም እንደ ሆነ፣ ድርጎው ከጣመው የሚሄድበትን ቀን አይናገርም።

ስለዚህ እቴጌ በአራዳ፣ ከገበያው አጠገብ፣ ሆቴል እንዲቆም አዘዙ። ቤቱም ባለ ፎቅ ሆነ፤ ደረጃው የእንጨት፣ ሰገነቱም የእንጨት። በ1900 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኃ ጥቅምት ተከፈተ። በዚያው ወር ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ የአቢሲኒያ ባንክም ከተከፈተ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ዘመኑ እንዲህ ያለ ዘመን ነው።

ነገር ግን ቤት መሥራት አንድ ነው፤ ሰው ማስገባት ሌላ ነው። ጠጅና አረቄ ሲሸጥ አገሩ ያውቃል። ማዕድ አቅርቦ ዋጋ መጠየቅ ግን በጨዋ ልጅ ዘንድ ነውር ነበር፤ ከፍሎ መብላትም ዘመድ አልባ መባል ነው። ሲወርድ ሲዋረድ እንደ መጣው ወሬ፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ በሉ፤ ሲነሡም ጠገራ ብር ቆጥረው ከፈሉ። ንጉሥ የከፈለበትን እኔ አልከፍልም የሚል መኰንን ከየት ይመጣል? እኔስ ከግንቡ ይልቅ ይህን አደንቃለሁ፤ ድንጋይ የሚጠርብ ከህንድም ከአርመንም ይገኛል፤ የመኳንንትን እጅ ወደ ገንዘብ ከረጢት የሚሰድ ግን ከጃንሆይ በቀር ማን ነበረ?

እቴጌ ግን በቤታቸው ብዙ ዘመን ደስ አላላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ታመሙ፤ በ1902 መኳንንቱ ተማክረው እቴጌን ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው። በ1906 ምኒልክ ዐረፉ፤ በ1910 እርሳቸውም በእንጦጦ ዐረፉ። በመካከሉ በ1909 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ገብቶ ነበርና እንግዳው ከቀድሞው ይልቅ በዛ።

ጣልያንም በ1928 ገባ፤ አራዳን ፒያሳ ብሎ ሰየመ፤ በአምስተኛው ዓመት እርሱ ወጥቶ ስሙ ቀረ። በደርግ ዘመን ሆቴሉ በመንግሥት እጅ ነበር፤ ኋላም ወደ ግል ዞረ።

በ2007 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጥር 3 ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ በቤቱ እሳት ተነሣ። ጃዝ አምባ የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ ጠፋ፤ ከአሮጌውም ቤት ብዙ ነደደ፤ ያ ሁሉ እንጨት ለነበልባል ምግብ ሆነ። የአራዳ ሰው በመንገድ ቆሞ እያየ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ተጠግኖ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ፤ የጾም ምግብ በገበታ ተደርድሮለት ፈረንጁም ሐበሻውም ሂሳቡን ከፍሎ ይበላል።