ደማምና አልኾባር፦ የተማሪዎች ሳምንታዊ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክልል፣ በደማም፣ በአልኾባርና በአጎራባቿ በዘህራን የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሳምንታቸው ጥቂት ሰዓታት ቆጥበው በበጎ አድራጎት ማኅበራት፣ በጤና ተቋማትና በባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሥራዎች ላይ ያገለግላሉ። በከተሞቹ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እነዚህን ወጣቶች በረመዳን ምሽት በትራፊክ መብራት አጠገብ ለአሽከርካሪዎች የማፍጠሪያ ጥቅል ሲያድሉ፣ በኮርኒሹ ዳር ጓንት አጥልቀው ፕላስቲክ ሲለቅሙ፣ በገበያ ማዕከል ውስጥ የደም ግፊት ሲለኩ ያዩአቸዋል። ይህ ጽሑፍ አገልግሎቱ በምን ሕግና አሠራር እንደሚመራ፣ ሳምንታዊነቱ ለምን እንደሚያስፈልግና የውጭ ሀገር ነዋሪዎች በምን መንገድ ሊሳተፉ እንደሚችሉ ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉና መድረኩ

ራዕይ 2030 በሚያዝያ 2016 ይፋ በተደረገበት ጊዜ በሀገሪቱ በዓመት በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉት ሰዎች 11 ሺህ ብቻ እንደነበሩ ሰነዱ ይጠቅሳል። ይህን ቁጥር እስከ 2030 ድረስ ወደ 1 ሚሊዮን ለማሳደግ የተያዘው ግብ ከቀነ ገደቡ በፊት ተሳክቶ፣ በ2024 የበጎ ፈቃደኞቹ ብዛት ከ1 ሚሊዮን አልፏል። በመካከሉ ሁለት ነገሮች ተከናውነዋል። በጥር 2020 የበጎ ፈቃድ ሥራ ሕግ ጸደቀ፤ በዚያው ዓመትም በሰው ሀብትና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ሥር ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ መድረክ ሥራ ጀመረ።

ሕጉ የበጎ ፈቃድ ሥራን የሚተረጉመው አንድ ሰው ወይም ድርጅት ኅብረተሰቡን ለማገልገልና ለማልማት በመሻት በራሱ ፈቃድና ምርጫ የሚያበረክተው ጥረት በማለት ነው። «በራሱ ፈቃድና ምርጫ» የሚለው ቃል ለተማሪውም፣ ከዚህ በታች እንደምናየው ለውጭ ሀገር ሠራተኛውም፣ የሕጉ እምብርት ነው።

የመድረኩ አሠራር ቀላል ነው። ፈቃድ ያለው ማኅበር ወይም መሥሪያ ቤት የሚፈልገውን አገልግሎት፣ ቦታውን፣ ቀናቱን፣ ሰዓቱን፣ የሚያስፈልጉትን ሰዎች ብዛትና ችሎታ ዘርዝሮ ያወጣል። ተማሪው ናፋዝ በተባለው የመንግሥት የመለያ ሥርዓት ገብቶ ያመለክታል፤ ማኅበሩ ይቀበለዋል ወይም አይቀበለውም። አገልግሎቱ ሲጠናቀቅ ማኅበሩ የተሠራበትን ሰዓት ያረጋግጣል፤ ሰዓቱም በተማሪው ስም ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ይወጣለታል። ሥራዎቹ በሦስት ይመደባሉ፦ ማንም ሊሠራው የሚችል ጠቅላላ አገልግሎት፣ የተለየ ክህሎት የሚጠይቅ አገልግሎት፣ እንዲሁም ሙያን መሠረት ያደረገ አገልግሎት። የሕክምና ተማሪ ሣጥን ቢሸከም በአንደኛው ይመዘገባል፤ የሠለጠነበትን እውቀት ይዞ ቢመጣ ግን ምድቡ ይለያል።

ተማሪዎቹ ከየት ይመጣሉ?

በደማም የሚገኘው የኢማም አብዱራሕማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ በ1975 የንጉሥ ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በሕክምናና በሥነ ሕንፃ ኮሌጆች ሥራ የጀመረ ተቋም ነው። በ2009 የደማም ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ራሱን የቻለ ሲሆን፣ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በአልኾባር ያለው የንጉሥ ፋህድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የዚሁ ተቋም ነው። በዘህራን በ1963 የተመሠረተው የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና ማዕድናት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በአልኾባር ደግሞ የልዑል መሐመድ ቢን ፋህድ ዩኒቨርሲቲ። በዘህራን የሚገኘው የንጉሥ አብዱልዓዚዝ የዓለም ባህል ማዕከል፣ በተለምዶ ኢሥራእ የሚባለው፣ ጎብኝዎችን በማስተናገድና አውደ ጥናቶችን በማገዝ የሚያገለግሉ በርካታ ወጣት በጎ ፈቃደኞች አሉት።

የሳምንቱ አቆጣጠር ለሥራው ክፈፍ ይሰጠዋል። የሳዑዲ የዕረፍት ቀናት ከ2013 አጋማሽ ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ በመሆናቸው ተማሪው በብዛት የሚገኘው ዓርብ ከአስር ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ነው። የባሕረ ሰላጤው ሙቀትም የራሱን ወሰን ያበጃል። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ድረስ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራትን የሚከለክለው ደንብ ለሠራተኞች የወጣ ቢሆንም፣ የሙቀቱ አደጋ በጎ ፈቃደኛውንም አይምርም። ስለዚህ የደጅ ሥራ ወደ ክረምቱ ወራት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ያዘነብላል።

ከደቦ ጋር ሲነጻጸር

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። ደቦና ወንፈል፣ ጂጊና ዕድር ያላቸው ሰዎች ስለ ነፃ ጉልበት ከማንም ትምህርት አይሹም። ነገር ግን ልዩነቱን ማስተዋል ይጠቅማል። በደቦ የሚሠራው ጎረቤት ለጎረቤት ነው። የዛሬ ባለ ማሳ የነገ አራሚ ነው፤ የቀረ ሰው እንደቀረ ይታወቃል፤ የእርሱ አዝመራ በደረሰ ጊዜም መቅረቱ ይታወስለታል። ሰውን በቀጠሮው የሚያስገኘው ይህ የብድር መላሽነት ነው። የደማም ተማሪ ግን ምግብ የሚያሽግለትን ቤተሰብ አያውቀውም፤ ያ ቤተሰብም ብድሩን ሊመልስለት አይችልም። ስለዚህ በቀጣዩ ቅዳሜ ተማሪውን ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሰዓት ምዝገባው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ አንድ መልስ ነው። ሙሉ መልስ አይደለም፤ ምክንያቱም 1 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር አንድ ቀን ብቅ ብሎ የጠፋውንም፣ ዓመቱን ሙሉ የተመላለሰውንም እንደ አንድ አንድ ሰው ነው የሚቆጥራቸው።

ኢትዮጵያም የተማሪ አገልግሎትን በሌላ መንገድ ሞክራዋለች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹ ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ይጠይቅ ነበር፤ አብዛኞቹም የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ከ1974 መጨረሻ ጀምሮም የዕድገት በሕብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሠማራ። ሁለቱም ረጅምና ግዴታ ነበሩ። ዛሬ በኢትዮጵያ የተለመደው የክረምት በጎ ፈቃድ ደግሞ የአቅመ ደካሞችን ቤት በማደስ፣ ችግኝ በመትከልና ተማሪዎችን በማስጠናት ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት ላይ የሚያተኩር ነው። የደማሙ አካሄድ ከሁሉም የሚለየው ትምህርቱ ሳይቋረጥ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት መሆኑ ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል።

የምግብ ማዳን ሥራ

ሳምንታዊነት ምን ማለት እንደሆነ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በምግብ ሥራ ነው። በ2019 በሳዑዲ ዓረቢያ ይፋ የሆነ ጥናት በሀገሪቱ ከሚቀርበው ምግብ ሲሶው ያህል እንደሚባክን አመልክቷል። በምሥራቃዊው ክልል የተመሠረተው ኢጥዓም የተባለው የምግብ ባንክ ከሆቴሎችና ከሠርግ አዳራሾች ያልተነካ ትርፍ ምግብ ሰብስቦ፣ አሽጎ ለችግረኛ ቤተሰቦች ያደርሳል። በሆቴልና በአዳራሽ ወጥ ቤት የሚሠሩ ወገኖቻችን የዚህን ሥራ አንድ ጫፍ በዓይናቸው ያውቁታል፦ ከግብዣው በኋላ ሳይነካ የቀረውን የሩዝና የሥጋ ትሪ።

«ያልተነካ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ከእንግዳ ሳህን የተራረፈ አይወሰድም፤ የሚወሰደው ለማዕድ ያልቀረበው ነው። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታችና ከ5 ዲግሪ በላይ ሆኖ በቆየ ቁጥር ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ በተለይ ሩዝ በዚህ ረገድ አታላይ ነው፣ ሳይሸት ሊመርዝ ይችላል። በመሆኑም ሥራው የሰዓት ሽሚያ ነው። ግብዣ የሚያበቃው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ አሻጊዎቹ ጓንትና የፀጉር መሸፈኛ አድርገው ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው። አሥር ተማሪዎች ለመምጣት ቃል ገብተው አራቱ ቢገኙ፣ የተረፈው ሥራ ለነገ አይተላለፍም፤ ምግቡ ይደፋል። ከዚህ የተነሣ አንድ ጊዜ በብዛት ከሚመጡ 50 ሰዎች ይልቅ በየሳምንቱ የማይቀሩ 5 ሰዎች ለእንዲህ ያለ ድርጅት ይጠቅማሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ችግሩ ፈተና ሲደርስ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ ፈተና በተቀራራቢ ሳምንታት ስለሚውል ተማሪዎቹ በአንድነት ይጠፋሉ፤ የችግረኛው ቤተሰብ ረኀብ ግን የፈተና መርሐ ግብር አያውቅም። ማኅበራት ይህን ክፍተት የሚሞሉት በደመወዝ በሚሠሩ ቋሚ ሠራተኞችና ተማሪ ባልሆኑ በጎ ፈቃደኞች ነው። በምሥራቃዊው ክልል ያለው የአልቢር ማኅበርም ሆነ በአልኾባር የሚገኘው ፈታት አልኸሊጅ የተባለው የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር በተማሪ ጉልበት ብቻ የቆሙ አይደሉም፤ ሊቆሙም አይገባም።

የማንግሮቭ ተከላ

ከደማም በስተሰሜን በቀጢፍ አጠገብ ያለው የታሩት ባሕረ ሰርጥ ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ መኖሪያ ነው። ዛፉ ከጭቃው ወደ ላይ በሚያወጣቸው ጣት መሰል ሥሮቹ አየር ይስባል፤ በሥሮቹ መካከልም ሽሪምፕና የዓሣ ጫጩቶች ይጠለላሉ። ባለፉት አሥርት ዓመታት ባሕሩን በአፈር እየሞሉ መሬት በማውጣት ምክንያት ከደኑ ብዙው ጠፍቷል። በ2021 በተጀመረው የሳዑዲ አረንጓዴ ልማት ንቅናቄ፣ በረጅም ጊዜ 10 ቢሊዮን ዛፎችን ለመትከል ያለመ በመሆኑ፣ የማንግሮቭ ተከላም ቦታ አግኝቷል።

የተከላውን ሰዓት የሚወስነው ባሕሩ ነው። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ይገባል፤ ሲመለስ ይወጣል። ያለ አስተባባሪ የገባ ሰው የዛፉን መተንፈሻ ሥሮች ረግጦ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ከተከላ በኋላ ማዕበል ችግኙን ይነቅላል፤ የባሕር አረም ይጠመጠምበታል፤ የተጣለ ፌስታል ያንቀዋል። ፎቶግራፍ የሚነሣው በተከላው ቀን ነው፤ ችግኙ የሚተርፈው ግን በኋላ ተመልሶ በሚያየው ሰው ነው።

የውጭ ሀገር ነዋሪዎች ሊያውቁት የሚገባ

በመድረኩ ላይ መመዝገብ የሚችሉት የሳዑዲ ዜጎች ብቻ አይደሉም፤ የጸና ኢቃማ ያላቸው ነዋሪዎችም በናፋዝ ገብተው ማመልከት ይችላሉ። ዓረብኛ እምብዛም ለማይናገር ሰው የባሕር ዳርቻ ጽዳትና የምግብ ማሸግ ሥራ የተሻለ መግቢያ ነው። ደም መለገስ ደግሞ ከቋንቋም ከችሎታም ነፃ ነው፤ በሆስፒታል የሚደረገው ምርመራ ብቻ ይወስነዋል።

ሦስት ነገሮችን ግን መለየት ያሻል። አንደኛው ገንዘብ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ እርዳታ መሰብሰብ የሚችለው ፈቃድ ያለው አካል ብቻ ነው። የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያ የለበሰ ወጣት በመንገድ ላይ ጥሬ ገንዘብ ቢጠይቅ መስጠት አይገባም፤ መለገስ የፈለገ ሰው በ2021 ሥራ የጀመረውን ኢሕሳንን የመሳሰሉ መንግሥታዊ መድረኮች መጠቀም ይችላል። ለታመመ ወይም ለሞተ ወገን በቅንነት መዋጮ የሚያሰባስቡ ነዋሪዎችም ይህ ክልከላ እንደሚመለከታቸው ሊዘነጉ አይገባም።

ሁለተኛው ክፍያ ነው። የሥራ ሕጉ 39ኛ አንቀጽ ሠራተኛ ከአሠሪው ውጭ ለሌላ ሰው እንዳይሠራ ያዛል። «በጎ ፈቃድ ነው፣ ትንሽ ኪስ ገንዘብ አለው» ተብሎ በቃል የሚቀርብ ሥራ ስሙ ተቀየረ እንጂ ቅጥር ነው፤ ሠራተኛውን ለቅጣት፣ ከዚያም አልፎ ከሀገር ለመባረር ሊያጋልጠው ይችላል። አገልግሎቱ በመድረኩ ላይ መኖሩን፣ ያወጣው ማኅበርም ፈቃድ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ከዚህ ይጠብቃል።

ሦስተኛው የቤት ሠራተኞችን ይመለከታል። የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ከ24 ሰዓት የማያንስ ተከታታይ ዕረፍት ይሰጣቸዋል። አንዲት እህት በዚህ ቀን ወደ ማኅበር ሄዳ ለማገልገል ብትመርጥ ምርጫው የእርሷ ነው። አሠሪዋ በዕረፍት ቀኗ ለዘመድ ድግስ ወይም ለሰፈር ምጽዋት ምግብ እንድታበስል ቢያዛት ግን፣ ምግቡ ለድሃ ቢሄድም፣ የእርሷ ድካም በሕጉ ትርጉም በጎ ፈቃድ አይባልም። ታዛ የሠራችው ሥራ ነው፤ ክፍያ ወይም ምትክ ዕረፍት መጠየቅም መብቷ ነው።