ተጣጣፊ ቧንቧ የሚበጠሰው ከየት ነው? የጫፍ መጋጠሚያ አጭር ታሪክ

(በምህንድስና ፋኩልቲ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ ለብዙዎቻችሁ ጠባብ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የምናገረው ስለ ቧንቧ እንኳ አይደለም፤ ስለ ቧንቧ ጫፍ ነው። ሆኖም የተጣጣፊ ቧንቧን ታሪክ በቅርብ ስመረምረው፣ ዋናው ታሪክ የተጻፈው በጫፎቹ ላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህን ሐሳብ በማስረጃ ላቀርብላችሁ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ግን ወደዚህ ጥናት የመራኝን ገጠመኝ ላውሳ። ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ በአንድ የመንገድ ሥራ ቦታ እሠራ ነበር። አንድ ቀን የኤክስካቫተሩ የሃይድሮሊክ ጎማ ከብረት ጫፉ ተስፈንጥሮ ወጣና ትኩስ ዘይቱ የአንድ ረዳት ሠራተኛን ክንድ አቃጠለው። እኔም ጎማው አርጅቷል ብዬ ሪፖርት ልጽፍ ስዘጋጅ፣ አንድ አዛውንት መካኒክ የተቆረጠውን ጎማ አንሥተው አሳዩኝ። ሽቦው ሙሉ ነበር፤ አንድም አልተበጠሰም። «ልጄ፣ ጎማው ምን አጠፋ? የለቀቀው ያዡ ነው» አሉኝ። ጎማው ወደ መጋጠሚያው በቂ ርቀት ሳይገባ ነበር የተጨመቀው። በትምህርት ቤት የጎማውን ግድግዳ ማስላት ተምሬ ነበር፤ ጫፉን ግን ከካታሎግ መምረጥ ብቻ ነበር የማውቀው።

ለምን ጫፉ? ተጣጣፊ ቧንቧ የሚተጣጠፈው የተሠራባቸው ድርብርብ ንጣፎች አንዱ በሌላው ላይ ለመንሸራተት ነጻ ስለ ሆኑ ነው። ውስጠኛው ንጣፍ ፈሳሹን ይይዛል፤ በላዩ የተጠመጠመው ሽቦ ግፊቱንና ጉተታውን ይሸከማል። ሽቦው ከቧንቧው የርዝመት አቅጣጫ ጋር ወደ 55 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ቢጠመጠም፣ ቧንቧው ግፊት ሲገባበት አይረዝምም፣ አያጥርምም። ይህ ሁሉ ግን ለአካሉ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ያ ነጻነት ማብቃት አለበት። ሽቦው ሸክሙን ለጠንካራ ብረት ማስረከብ አለበት፤ ለስላሳው ንጣፍም ሳያፈስ መታሰር አለበት። በአካሉ ርዝመት ሁሉ የተከፋፈለው ጭንቀት በጥቂት ስንዝር ውስጥ ይሰበሰባል።

የመጋጠሚያ ጥያቄ ከተጣጣፊ ቧንቧ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በ1670ዎቹ፣ ሠዓሊና ፈልሳፊ የነበረው ያን ፋን ደር ሃይደን በአምስተርዳም የቆዳ የእሳት ማጥፊያ ቱቦ ሲያስተዋውቅ ቁራጮቹን የሚያገናኘው በነሐስ መጋጠሚያ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በየካቲት ወር እ.ኤ.አ. 1904፣ የባልቲሞር ከተማ ሲቃጠል ከዋሽንግተንና ከሌሎች ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኞች በባቡር ደረሱ። ቱቦ ነበራቸው፤ ውኃም ነበር። የብዙዎቹ መጋጠሚያ ጥርስ ግን ከባልቲሞር የውኃ መውጫዎች ጋር አልገጠመም። እሳቱ ከ30 ሰዓት በላይ ነድዶ ከ1,500 በላይ ሕንጻዎችን አወደመ። በአሜሪካ ለእሳት ማጥፊያ ቱቦ መጋጠሚያ ወጥ መለኪያ የማውጣቱ ሥራ ግፊት ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

በባልቲሞር ችግሩ አለመግጠም ነበር። የገጠመው ደግሞ ሸክሙን መሸከም አለመቻሉን የምናየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ለሚሻገረው ጦር ነዳጅ በባሕር ሥር ለማስተላለፍ ፕሉቶ የተባለውን ዕቅድ ነደፈች። የአንግሎ ኢራኒያን የነዳጅ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ አርተር ሃርትሌይ ያቀረበው ሐሳብ ቀላልና ድንቅ ነበር፦ የባሕር ውስጥ የኤሌክትሪክ ገመድ እንውሰድ፤ መሐሉን ባዶ እናድርገው። ከሲመንስ ብራዘርስ ጋር የተሠራው ሐይስ የተባለው ቧንቧ ውስጡ እርሳስ ሲሆን፣ በላዩ የብረት ጥብጣብና የብረት ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በሙከራ ጊዜ እርሳሱ በጥብጣቦቹ ክፍተት እየተገፋ ስለ ወጣ፣ ጥብጣቦቹ ከሁለት ወደ አራት ንጣፍ ከፍ ተደረጉ። በታኅሣሥ 1942 ቧንቧው በብሪስቶል ሰርጥ ከስዋንሲ እስከ ኢልፍራኮም ተዘረጋ፤ በኋላም ነዳጅ አስተላለፈ።

መጋጠሚያው ብርቱ ብልኃት ተደርጎበታል። ቧንቧው ባዶውን ቢዘረጋ ስለሚጨፈለቅ ውኃ ተሞልቶ፣ ግፊትም ይዞ ነበር የሚወርደው። ስለዚህ በመጋጠሚያው ውስጥ ስስ የመዳብ ክዳን ይገባል። ክዳኑ በዝርጋታው ጊዜ ውኃውን ይይዛል፤ በኋላ ግፊቱ ሲጨመር ራሱ ተቀድዶ መንገዱን ይከፍታል። በነሐሴ 1944 ወደ ሼርቡር የተደረጉት የመጀመሪያ ዝርጋታዎች በመልሕቅና በመርከብ መዘውር ተበላሹ። በመስከረም መስመር ተሳክቶ ነዳጅ መፍሰስ ጀመረ። በጥቅምት መጀመሪያ ግን ግፊቱ ከፍ እንዲል ተወሰነ፤ በሰዓታት ውስጥም የሐይስ መስመር ተበላሸ። ሲመረመር ጉድለቱ የተገኘው ከመጋጠሚያው ነበር። በባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ የነበረው ያ ሁሉ የእርሳስና የብረት ድርብርብ ደኅና ሳለ መስመሩ ሞተ። ከዚያ በኋላ ከደንጀነስ ወደ ቡሎኝ የተዘረጉት መስመሮች የተሻለ አገልግሎት ሰጥተዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ነዳጅ ፍለጋው ወደ ጥልቅ ባሕር ገባ። የፈረንሳይ የነዳጅ ምርምር ተቋም ጥናት በ1971 የኮፍሌክሲፕን ኩባንያ ወለደ። በ1970ዎቹ መጨረሻም በብራዚል ካምፖስ ተፋሰስ በኤንቾቫ መስክ ተጣጣፊ ቧንቧ ከባሕር ወለል ወደ ተንሳፋፊ ማምረቻ ነዳጅ ማውጣት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ጫፉ የሚሸከመው የቆመ ሸክም ብቻ አልሆነም፤ ማዕበሉ በቀንና በሌሊት ያወዛውዘዋል።

የዚህ ጫፍ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ የውጭው ልባስ ይገፈፋል። ከዚያ የጉተታ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ እንደ አበባ ቅጠል ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ ውስጡ ይገለጣል። በፕላስቲኩ ንጣፍ ላይ ሲጫኑት የሚነክስ የብረት ቀለበት ይገባል፤ ፈሳሹን የሚያግደው እርሱ ነው። ቀጥሎ ሽቦዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ የብረቱ ሽፋን ይዘጋል፣ ባዶው ቦታ በኤፖክሲ ሙጫ ይሞላል። በፕላስቲኩ አልፎ በንጣፎቹ መካከል የሚጠራቀመው ጋዝ የሚወጣበት ቀዳዳም እዚሁ ጫፍ ላይ ይበጃል። አብዛኛው ሥራ ዛሬም የሰው እጅ ይፈልጋል። ልብ በሉ፤ ሽቦው ታጥፎ ሲመለስ በብረቱ ውስጥ ጭንቀት ይቀራል። ስለዚህ ጫፉን የሚያበጀው እጅ ራሱ የሽቦውን የድካም ዕድሜ ሊያሳጥረው ይችላል።

በ1990ዎቹ የሰሜን ባሕር ተሞክሮ ሌላ ትምህርት ሰጠ። ለሞቃት ነዳጅ የተመረጠው ፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ. የተባለው ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የተቀላቀለበት ቅመም በሙቀት ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ፕላስቲኩም ይኮማተራል። መሞቅና መቀዝቀዝ ሲደጋገምበት ከያዘው ቀለበት ሥር እየተሳበ የወጣባቸው ቧንቧዎች ተገኙ። በአካሉ መሐል ጉዳት የማያመጣ መኮማተር ጫፉ ላይ ሲሰበሰብ ማፍሰሻ ሆነ። የቁሱ ቅመማም የአያያዙ ንድፍም እንደገና መታየት ነበረበት።

እንግዲህ እነዚህን ታሪኮች ምን ያገናኛቸዋል? በእያንዳንዳቸው አካሉን የሠራው እውቀት ከጫፉ እውቀት ቀድሞ ሄዷል። ይህን ልዩነት ለማጥበብ የወጣው 17J የተባለው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት መስፈርት ተጣጣፊ ቧንቧ የሚለው አካሉን ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ ከተገጠሙት መጋጠሚያዎች ጋር ነው። ይህ አነጋገር ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብዙ ነዳጅና ብዙ ድካም ፈስሶበታል።

ተማሪዎቼ፣ የንድፍ ሥራችሁን ስታቀርቡልኝ ከእንግዲህ የማቀርብላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ግድግዳው ውፍረት አይሆንም። ሸክሙ የት ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል? የሚቀበለውስ ማን ነው? ብዬ እጠይቃችኋለሁ። የዚያ ረዳት ሠራተኛ ክንድ ላይ የቀረው ጠባሳ ይህን ሳልጠይቅ እንዳላልፍ ያስታውሰኛል።