የውሃ ማስገቢያ ቫልቭ (የልብስ ማጠቢያ ማሽን)

የውሃ ማስገቢያ ቫልቭ በአውቶማቲክ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ፣ የውሃው ቱቦ በሚታሰርበት ቦታ የሚገኝ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መዝጊያ ነው። ማሽኑ ውሃ አላስገባ ሲል፣ መሙላቱን አላቆም ሲል ወይም ጠፍቶ እያለ ውሃ ሲገባበት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ክፍል ነው። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የቫልቩ ስላልሆነ አዲስ ከመግዛት በፊት መለየት ያስፈልጋል።

አሠራር

ቫልቩ ከፕላስቲክ አካል፣ ዲያፍራም ከሚባል ስስ ጎማ እና ሶሌኖይድ ከሚባል የሽቦ ጥቅል ይሠራል። ብዙ ሰው እንደሚገምተው ኤሌክትሪኩ የውሃውን ኃይል ታግሎ መንገዱን አይከፍትም። ዲያፍራሙ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ውሃው በእርሷ በኩል ወደ ላይ አልፎ ዲያፍራሙን ወደ ታች ይጫነዋል፤ መንገዱም ተዘግቶ ይቆያል። ጥቅሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና አንዲት ትንሽ የብረት ዘንግ ወደ ላይ ይስባል። በዘንጓ ተደፍኖ የነበረው ሌላ ቀዳዳ ሲከፈት ከዲያፍራሙ በላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፤ ከቧንቧው የሚመጣው ውሃም ዲያፍራሙን አንሥቶ ይገባል።

ስለዚህ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው በአብዛኛው የውሃው ግፊት ራሱ ነው። ግፊቱ ካነሰ በትክክል አይከፈትም፣ አይዘጋምም። ትንሿ ቀዳዳ በአሸዋ ወይም በዝገት ከተደፈነች ደግሞ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ውሃው አይቆምም።

ውሃ አላስገባ ሲል

ማሽኑ የስህተት ኮድ ቢያሳይ ኮዱ ምልክቱን እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም። መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ቫልቩን እንዲከፈት አዝዞ፣ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ውሃው ከሚፈለገው ልክ ሳይደርስ ሲቀር «ውሃ የለም» ይላል። ቧንቧው ተዘግቶም ቢሆን የሚለው ያንኑ ነው።

ቀዳሚው ምርመራ ቱቦውን ፈትቶ በቫልቩ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት ማየት ነው። እንደ አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ጠፍቶ የቆየው ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ ዝገትና ደለል ይዞ ስለሚመጣ ወንፊቷ ቶሎ ትደፈናለች። በፒንሳ ቀስ ብሎ አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ይበቃል። ውሃው በመጣ ጊዜ ማሽኑን ከማስነሣት በፊት ሌላ ቧንቧ ከፍቶ ጥርት እስኪል ማፍሰስም ችግሩን ይቀንሳል። ወንፊቷን አውጥቶ መጣል ግን ቆሻሻውን በቀጥታ ወደ ዲያፍራሙ መላክ ነው።

ሁለተኛው ግፊት ነው። አምራቾች እንደ ሞዴሉ ቢያንስ ከ0.3 እስከ 1 ባር ይጠይቃሉ። ከማጠራቀሚያ በሚወርድ ውሃ ላይ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ገደማ ነው። በተለምዶ ሮቶ በሚባለው በርሜል ውስጥ ያለው ውሃ ከቫልቩ በ2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ግፊቱ 0.2 ባር ነው፤ አዲስ ቫልቭ ቢገባም ለውጥ አይኖርም። መፍትሔው ማጠራቀሚያውን ከፍ ማድረግ፣ አነስተኛ ፓምፕ መጨመር ወይም ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ቫልቭ መግጠም ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ የሽቦ ጥቅሉ ይለካል። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ የቫልቩ ሽቦዎችም ተላቅቀው በቴስተር ሲለካ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ ጥቅል ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎኦም ያሳያል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። አንዳንድ ቫልቭ 2 ወይም 3 ጥቅል ስላለው ሁሉም መለካት አለባቸው።

አልቆም ሲል

እዚህ ላይ መሣሪያ የማይፈልግ ሙከራ አለ፤ ውሃ እየገባ ሳለ ማሽኑን ከሶኬት መንቀል። ውሃው ከቀጠለ ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል ወይም ዲያፍራሙ አርጅቷል። ከቆመ ግን ቫልቩ ታዛዥ ነው፤ የሚፈተሸው የውሃውን ልክ የሚያውቀው ክፍል ነው። እርሱም በቀጭን ቱቦ ውስጥ በታፈነ አየር ስለሚሠራ፣ ቱቦዋ ከወለቀች ወይም በሳሙና ዝቃጭ ከተደፈነች መሙላቱን አያውቅም።

ሌላ አሳሳች ነገር ማስወገጃው ቱቦ ነው። ጫፉ ወለል ላይ ከተጣለ የገባው ውሃ በዚያው ይፈስሳል፤ ማሽኑም ያለማቋረጥ ይሞላል። ጫፉ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ መታሰር አለበት።

ወለል ላይ የሚታይ ውሃ

ውሃው የታየበት ሰዓት ምንጩን ይጠቁማል። ሲሞላ ከሆነ የቱቦው ማሰሪያ ወይም የሳሙናው መሳቢያ፣ ሲያጥብ ከሆነ በፊት ለፊት በሚከፈቱት ላይ የበሩ ጎማ፣ ሲያስወግድ ከሆነ ፓምፑና ማጣሪያው ይፈተሻሉ። ባለሁለት ገንዳ ማሽን ላይ ውሃው በማስወገጃው እየወጣ ካለቀ፣ በማስወገጃው ቫልቭ ጎማ ሥር ክር ወይም ሳንቲም ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል።

መቀየር

ማሽኑ ይነቀላል፣ ቧንቧው ይዘጋል፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ሽቦ መንካት ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ሽቦዎቹ ሳይላቀቁ ፎቶ ቢነሡ ቦታቸው አይሳሳትም። የቱቦው ማሰሪያ ውሃ የሚይዘው በውስጡ ባለው የጎማ ቀለበት እንጂ በጥርሱ ስላልሆነ፣ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን መጠምጠም የደረቀ ቀለበትን አይተካም። በእጅ ከጠበቀ በኋላ በፒንሳ ጥቂት ይጨመርለታል፤ ከዚያ በላይ የፕላስቲኩን አፍ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ቧንቧው ቀስ ብሎ ተከፍቶ፣ ማሽኑ ሳይሰካ በፊት መገጣጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ይደረጋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሶፍቱ ከረጠበ እንደገና ይፈታል።