የጠጅ ወንዝ፣ የኤሌክትሪክ ወንበርና ሌሎች የማይጠቅሙ እውቀቶች

የምኖርበት ለገዳዲ ስሙ ኦሮምኛ ነው። «ለገ» ወንዝ ነው፣ «ዳዲ» ደግሞ ጠጅ። ቃል በቃል ሲፈታ የጠጅ ወንዝ። ግድቡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ ውኃው አዲስ አበባ ይገባል። እንግዲህ የከተማው ሰው ጠዋት ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን ሲታጠብ፣ በስም ደረጃ በጠጅ ነው የሚታጠበው። ውኃ በመጣ ቀን ማለቴ ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ምንም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ አያወጣም፣ የጤፍ ዋጋ አይቀንስም። እኔ ግን እንዲህ ያለች ነገር ካገኘሁ ለአንድ ሰው ሳልነግር አላድርም። የለገዳዲ ታክሲ ሰልፍ ረጅም ነው፣ አጠገቤ የቆመ ሰው የት ይሄዳል? ብዙዎቹ መጀመሪያ ገላመጥ ያደርጉኛል፣ ከዚያ «እውነት?» ይላሉ፣ ከዚያ ራሳቸው አንድ ይጨምሩልኛል። ስም ሳንጠያየቅ እንጫወታለን።

ደስታው ምን መሰላችሁ? የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮች ሲገናኙ ማየት ነው። እስቲ ይቺን ተመልከቱ። በኅዳር 1967 ሐዳር ላይ የተገኘችውን አጽም ፈረንጆቹ «ሉሲ» ያሏት ካምፓቸው ውስጥ ይሰሙት ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ወስደው ነው። እኛ «ድንቅነሽ» አልናት። ናሳ ደግሞ በ2014 ዓ.ም ወደ ጁፒተር አቅጣጫ የላካትን መንኮራኩር በእሷ ስም «ሉሲ» አላት። መንኮራኩሯ በጥቅምት 2016 በቅርበት ያለፈችባት የመጀመሪያዋ ትንሽ የጠፈር ዓለት ስሟ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ድንቅነሽ! ይባስ ብሎ ድንቅነሽን የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ ተገኘች። እሷም በእነ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ በተገኘችው ሕፃን ስም «ሰላም» ተባለች። አሁን ሰማይ ላይ ሰላም ድንቅነሽን ትዞራለች። ጥቅም የለውም፣ ግን እንዴት ደስ ይላል!

ይሁንና ሁሉም ወሬ እንዲህ ንጹሕ አይደለም። በዓለም የ«ይህን ያውቁ ኖሯል?» መጻሕፍት ውስጥ ስማችን ከሚነሳባቸው ወሬዎች አንዱ ይሄ ነው፦ ዐፄ ምኒልክ አሜሪካ ውስጥ ሰው የሚገደልበት የኤሌክትሪክ ወንበር መፈልሰፉን ሰምተው ሦስት አዘዙ፤ ወንበሮቹ ሲደርሱ አገሩ መብራት የለውም፤ ስለዚህ አንዱን ዙፋን አደረጉት። ሳቅ በሳቅ። ሌላም አለ፦ ሲታመሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ይበሉ ነበር፣ መጽሐፈ ነገሥትን በልተው ሞቱ የሚል።

ወንበሩን በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተገደለበት በ1882 ዓ.ም ነው። ያን ጊዜ ምኒልክ አጠገብ ማን ነበር? አልፍሬድ ኢልግ፣ ዙሪክ የተማረ ስዊሳዊ መሐንዲስ፣ በ1871 ዓ.ም ሸዋ የገባ። የኤሌክትሪክ ወንበር ያለ ኤሌክትሪክ እንደማይሠራ ለንጉሡ የሚነግር ሰው ጠፋ ማለት ነው? ከዓድዋ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ የከተሙት የውጭ መልእክተኞች የግብሩን ሥጋና ጠጅ ሳይቀር ሲጽፉ፣ እንዲህ ያለ ዙፋን ቢያዩ ዝም ይሉ ነበር? በዓይኔ አየሁት ያለ የዘመኑ ምስክር አይታወቅም። ስለ ሞታቸውም ቢሆን፣ ስትሮክ ጥሏቸው ለዓመታት ከታመሙ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው ያረፉት።

አያችሁ፣ የውሸት ወሬ ሲበዛ ያምራል። መጀመሪያው፣ መሃሉ፣ ማሳቂያው ሁሉ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። እውነት እንዲህ ተከርክሞ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ወሬ በጣም ካሳቀኝ «ማን አየ?» እላለሁ። ደግሞ «በማን ላይ ነው የተሳቀው?» እላለሁ። የማይጠቅም እውቀት ማንንም አይጎዳም ይባላል። የወንበሩ ወሬ ግን አንድን ንጉሥና አንድን ሕዝብ ለስንት ዘመን የዓለም መሳቂያ አድርጓል። ከዓድዋ ይልቅ ወንበሩን የሚያውቅ ፈረንጅ ስንት እንዳለ ቤት ይቁጠረው።

እውነቱ ደግሞ ከውሸቱ አያንስም። ያው ኢልግ በ1880ዎቹ ከእንጦጦ ሥር ውኃ በቧንቧ ስቦ የምኒልክ ግቢ አስገባ። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል፤ በ1930ዎቹ ከቡራዩ በላይ ገፈርሳ ተገደበ፣ ቀጥሎ ለገዳዲ። ከንጉሡ ግቢ እስከ እኛ የጠጅ ወንዝ አንድ ቧንቧ በሉት። ዙፋን የሆነ ወንበር የለበትም፣ ግን ሁሉም የሆነ ነው።

በሉ እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። ለምንም የማትጠቅም፣ ግን እውነት የሆነች አንድ ነገር ወዲህ በሉ። በተለይ የሰፈራችሁ ስም ምን ማለት እንደሆነ። ያንን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ አብሮ ይሄዳል። ዛሬውኑ ጠይቋቸውና ጻፉልን።