አራቱ ጎማ አንድ ዕቃ ነው

በአራቱም ጎማ የምትስብ ስፖርት መኪና ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ቸርኬና ጎማ ከመቀየራችሁ በፊት ይቺን ታሪክ አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች፤ ግን ካምቢዮ ከማስወረድ ትረክሳለች። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሁላችንም በምናውቀው ስም ነው፤ ፈርጉሰን። አዎ፣ የትራክተሩ ፈርጉሰን። ሃሪ ፈርጉሰን በአራቱም ጎማ የሚስብ የቤት መኪና የማውጣት ሕልም ነበረው፤ ሕልሙን ሳያይ በ1960 ሞተ። በ1966 ጄንሰን የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ በእሱ ኩባንያ ቴክኒክ ጄንሰን ኤፍ ኤፍን አወጣ። ኤፍ ኤፍ ማለት ፈርጉሰን ፎርሙላ ማለት ነው። ከጉልበቷ 37 በመቶው ወደ ፊት፣ 63 በመቶው ወደ ኋላ ይሄዳል። የተሠሩት 320 ብቻ ናቸው።

ያኔ የነበረው እንቆቅልሽ ዛሬም ያው ነው። መኪና ስትታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። ፊቱና ኋላው ድርቅ ብሎ ከተያያዘ አንድ ነገር መንሸራተት አለበት፣ ካልሆነም ይሰበራል። ለዚህ ሲባል መሃል ላይ ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል ተቀመጠ። ልብ በሉ፤ የተቀመጠው ኩርባ ላይ እንዲያስታርቅ ነው እንጂ ቀጥ ባለ መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲዳኝ እንዲውል አይደለም።

አውዲ በ1980 ጄኔቫ ላይ ኳትሮን አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት ሚሼል ሙቶን በኳትሮ ሳንሬሞን አሸንፋ በዓለም ራሊ ሻምፒዮና አንድ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1982 እና በ1984 ደግሞ አውዲ የአምራቾችን ዋንጫ ወሰደ። የመጀመሪያዎቹ ኳትሮዎች የመሃል ዲፈረንሻላቸውን ሹፌሩ ራሱ ይቆልፈው ነበር። ጭቃና በረዶ ላይ ቆልፎ ይሄዳል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መፍታት አለበት፣ የጎማዎቹ ልዩነት መውጫ ያጣላ!

ከዚያ ሱባሩ መጣ። ኮሊን ማክሬይ በ1995፣ ሪቻርድ በርንስ በ2001፣ ፔተር ሶልበርግ በ2003 በኢምፕሬዛ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ሰማያዊ መኪና ከወርቃማ ቸርኬ ጋር የብዙ ወጣት ሕልም የሆነው በዚያ ዘመን ነው። እነዚያ ቡድኖች ግን ቸርኬ የሚመርጡት በመንገዱ ነበር። ለጠጠር ትንሽ ቸርኬና ወፍራም ጎማ፣ ለአስፋልት ተለቅ ያለ ቸርኬና ስስ ጎማ ያስሩ ነበር። እኛ የወረስነው ቀለሙን ብቻ ነው።

ሰሞኑን ዴንቨር የሚኖር ወዳጄ አሜሪካ የተሸጠ የ2004 ሱባሩ ኤስ ቲ አይ ገዛ። አንድ ሰው ከ2005 ሞዴል የወጣ ቸርኬ «የራሱ የኤስ ቲ አይ ነው፣ ልክክ ይላል» ብሎ ሊሸጥለት ነበር። አይልም! የ2004ቱ አምስት ቡሎኖች በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው የተደረደሩት። በ2005 ሱባሩ ክቡን ወደ 114.3 አሳደገው፣ የቸርኬውንም ስፋት ከ7.5 ወደ 8 ኢንች። መኪኖቹ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው፤ ቸርኬያቸው ግን አይዋዋስም። ስለዚህ ቸርኬ ስትገዙ መጀመሪያ የቡሎኑን ክብ ጠይቁ። ቀጥሎ የመሃል ቀዳዳውን (የሱባሩ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው)። ከዚያ ኦፍሴቱን፣ ማለትም ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ ምን ያህል እንደሚገባ። እሱ ከተሳሳተ ጎማው ወይ ፓራፋንጎውን ወይ የውስጡን ብረት ይበላል። የፍሬን ካሊፐሩንም እንዳይነካ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ጎማው። ሱባሩ በአራቱ ጎማዎች ዙሪያ መካከል ያለው ልዩነት ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6.4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ በጥርስ ጥልቀት ሲሰላ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። «ሁለቱ ገና ደህና ናቸው፣ ሁለቱን ብቻ ልቀይር» የሚለው ቁጠባ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የ2004ቱ ጎማ 225/45 አር 17 ነው፤ ዙሪያው 1993 ሚሊ ሜትር አካባቢ። 8 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለውን አዲስ ጎማ፣ 4 ከቀረው አሮጌ ጋር ካሰራችሁ የዙሪያው ልዩነት 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሮጌው በየኪሎ ሜትሩ 6 ዙር ያህል ይበልጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ600 በላይ። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ያ የመሃል ዲፈረንሻል ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እየነዳችሁ፣ ለእሱ ግን መንገዱ ሁሉ ኩርባ ሆኖበታል። ይሞቃል፣ ይበላል፣ አንድ ቀን ይጮኻል።

«18 ባስርስ?» ለሚል፦ ይቻላል። 225/40 አር 18 ዙሪያው ከዋናው የሚበልጠው በ9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አራቱም እኩል እስከሆኑ ችግር የለውም። 245/40 አር 18 ግን 3 በመቶ ያህል ስለሚበልጥ የፍጥነት መቁጠሪያውን ያሳስታል፣ ቦታም ይጠባል። ትልቅ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ መሆኑንም አትርሱ።

በረዶ ላለበት አገር ደግሞ የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል። የክረምት ጎማ ግዙ፣ አራቱንም። «ፎር ዊል ናት እኮ» አትበሉኝ። ፎር ዊል ለመነሳት ነው የሚረዳው፤ ሲያቆሙ ግን ማንኛዋም መኪና የምትቆመው በአራት ጎማዋ ነው።

ወዳጄ ክቡ 100 የሆነ ባለ 17 ቸርኬና አንድ ዓይነት አራት አዲስ ጎማ ገዛ። ወርቃማ አይደለም፣ ብርማ ነው። ከፈርጉሰን እስከ ሱባሩ የመጣው ትምህርት አንድ ነው፤ በእነዚህ መኪኖች ጎማ የካምቢዮው አካል ነው። አንዱ በሚስማር ከተበላሸና ሌሎቹ ካለቁ ለአራቱም አስቡ። ካልሆነም አዲሱን በአሮጌዎቹ ልክ ላጭቶ የሚሰጥ ጎሚስታ ፈልጉ፤ አሜሪካ ውስጥ አለ።

ፎር ዊል ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ሰላም ንዱ!